የአንቲቦዲ ቶና

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጀርመን፣ አዲስ የገባች ተማሪ የፕሮቲን መለያ ሙከራዋን፣ ዌስተርን ብሎቷን፣ ጨርሳ የአንቲቦዲውን ድብልቅ ወደ ቆሻሻው ጠርሙስ ልትገለብጠው ስትል ሳላስበው “ኧረ አትድፊው!” አልኳት። በአማርኛ። ደንግጣ ቆመች።

አዲስ አበባ በሠራሁበት ላብራቶሪ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሺያን ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ድብልቅ የሚደፋው ሦስት ጊዜ ካገለገለ በኋላ ነው። ቱቦው ላይ በእስክሪፕቶ አቦል፣ ቀጥሎ ቶና፣ ከዚያ በረካ ብለው ይጽፉበታል። አንዱ ተማሪ ሲከራከራቸው “አቦሉን ጠጥቶ ጀበናውን የሚደፋ አለ እንዴ?” አሉት። ቀልድ ብቻ አልነበረም። ከፕሮፎርማው እስከ ውጭ ምንዛሪው ወረፋ፣ ከዚያ እስከ ጉምሩኩ ወራት የጠበቅነው ብልቃጥ 100 ማይክሮ ሊትር ነው፤ ከእንባ ጠብታ ብዙም አይበልጥም። 1 ለ1000 ሲቀጥን 100 ሚሊ ሊትር ይወጣዋል። በአንድ ብሎት 10 ሚሊ ሊትር ብናፈስ ለአሥር ጊዜ፣ በጋሼ ስሌት ግን ለሠላሳ። እዚህ ሲያልቅ ይታዘዛል፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን በር ላይ ነው።

አንቲቦዲው የሚፈልገው ፎር ኢ ቢፒ ዋን የሚባለውን ፕሮቲን ነው። 118 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽ ነገር፣ ግን የሴል ትርጉም ዘበኛ ናት። ሴል የዘረመል መልእክቱን ወደ ፕሮቲን ሲተረጉም መልእክቱን ከጫፉ ይዞ ወደ ራይቦዞም የሚያደርሰው ኢአይኤፍ ፎር ኢ ነው፤ ዘበኛዋ እሱን ጨብጣ ታስቀረዋለች። ምግብና ኢንሱሊን ሲገኝ ኤምቶር የተባለ ኢንዛይም ፎስፌት ይለጥፍባታል፤ ያኔ ትለቀዋለች፣ ትርጉሙም ይጀመራል። የእኛ አንቲቦዲ 37ኛውና 46ኛው ቦታ ላይ ፎስፌት የተለጠፈባትን ብቻ ለይቶ የሚይዝ የጥንቸል አንቲቦዲ ነበር።

አንድ ቀን ከተባባሪ ላብራቶሪ ናሙና መጣልን። ግማሹ ኢንሱሊን ያገኘ ሴል፣ ግማሹ ኤምቶርን የሚያግደው ራፓማይሲን የገባበት። ሁለተኛው ላይ ባንዱ፣ ማለትም ፎስፌት መኖሩን የሚያሳየው ጥቁር ምልክት፣ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም፤ ትንሽ ደብዘዝ አለ እንጂ። ድብልቁ በረካ ላይ ነበርና ሁላችንም ወደ ቱቦው ዞርን። መብራት የጠፋበትን ሌሊት ያስታወሰ አለ፤ ጄኔሬተሩ ዘግይቶ መነሳቱን የመሰከረም አለ። ዋናው ብልቃጥ ግማሹ ግሊሰሮል ስለሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እንኳ አይረጋም፤ የአንድ ሌሊት መብራት መጥፋት እንደማይገድለው ብናስብ ኖሮ ደህና ነበር። አላሰብንም። ምንም የማንደፋው እኛ ብልቃጡን ከነቅሪቱ ጣልነው። አዲሱ እስኪመጣ ሥራው ቆመ።

እዚህ መጥቼ በሁለተኛው ወር ገደማ ያንኑ ባንድ አየሁት። ትኩስ አንቲቦዲ፣ ያልተቋረጠ መብራት፣ ራፓማይሲን፣ ግን ባንዱ አለ። ባልደረባዬ ዞር ብሎም አላየው። ራፓማይሲን ኤምቶርን የሚያግደው በከፊል ነው፤ 37ና 46 ላይ ያለውን ፎስፌት አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ቶሪን ግን የኢንዛይሙን ሥራ ከሥሩ ያግደዋል። በቶሪን ስሞክረው ባንዱ ድራሹ ጠፋ።

ለካ የጣልነው ብልቃጥ ምንም አልሆነም ነበር። ጥፋቱ በተሳሳተ ማነጻጸሪያ መመዘናችን ነው፤ ቶሪን ቢኖረን ኖሮ በአንድ ቀን ይገባን ነበር። ይህ ከወጪው የበለጠ ቆጭቶኛል። ድብልቁን ደጋግሞ መጠቀሙን እንደ ድህነት ምልክት ቆጥረን ስለምናፍርበት፣ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምንከሰው እሱን ነው። እዚህ ደግሞ ትኩስ ስለሆነ ብቻ አንቲቦዲውን የሚያምኑት አሉ፤ ማነጻጸሪያ ሳይጨምሩ ሥዕሉን የሚያሳዩ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ፈረንጆቹ ልክ ናቸው፤ አንቲቦዲውን የሚያቀጥኑት በአልቡሚን ነው። አልቡሚን ውድ ስለሆነብን እኛ አንቲቦዲውን የምናቀጥነው በሱቅ የዱቄት ወተት ነበር። የወተቱ ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ነው፤ ፎስፌት ለሚፈልግ አንቲቦዲ አይመከርም። የብሎታችን ሜምብሬን ለምን ሁልጊዜ ይጨልም እንደነበር አሁን ያወቅኩት ይመስለኛል።

ተማሪዋ ድብልቁን አልደፋችውም። ትናንት ለሁለተኛ ጊዜ አወጣነው። ኢንሱሊን ያገኘው መስመር ጥቁር፣ ቶሪን የገባበት ባዶ። ቱቦው ላይ ለሚቀጥለው ዙር በረካ ብዬ ጽፌ ወደ ፍሪጅ መለስኩት።