ጣና ላይ ስንዘገይ

በቆላማዋ የገንዳ ውሃ ከተማ ለኖረ ሰው፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለው ጣና ሌላ ዓለም ነው። ከባለቤቴ ጋር ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ በዘጌ በኩል ስንሄድ ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነበር። ዘጌን አልፈን ጥቂት እንደ ቆየን ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱ ተነሣ፣ ማዕበሉ የጀልባውን ጎን ይመታ ጀመር። ጀልባ ነጂው ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ዘጌ ዳርቻ መለሰን። የጣናን ጠባይ የሚያውቅ፣ ከደንገል በተሠራች ታንኳ የሚቀዝፍም ቢሆን፣ ከሐይቁ ጋር እልህ አይጋባም። ነፋሱ እስኪበርድ በዘጌ የቡና ጫካ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እንደዚያ ቀን ልብ ለልብ ተጨዋውተን አናውቅም። ባልና ሚስት የሆናችሁ፣ ጣና ስትሄዱ ቀኑን አታጣብቡት። አየሩ ሲያስቆማችሁ ደስ ብሏችሁ ቁሙ፤ ሥራና ልጆች የነጠቋችሁን ጨዋታ የምታገኙት ያኔ ነው።