የልጅ ቀለብና የቀን ቁጥር

እኔ አፌን በትግርኛ የፈታሁ፣ አማርኛንም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ «ቀለብ» የሚባለው ቃል እህልና ወጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህ ስሕተቴ በልጄ ላይ ጉዳት አድርሷልና፣ እንደ እኔ አማርኛን በትምህርት ላገኛችሁት ወንድሞቼ ልንገራችሁ።

ከባለቤቴ ጋር በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስንፋታ፣ ፍርድ ቤቱ ልጃችን ከእናቱ ጋር እንዲኖር፣ እኔም በየወሩ የተወሰነ ብር እንድሰጥ ወሰነ። እርሷ ወደ ትውልድ ቦታዋ፣ በኬንያ ሞያሌ ወደምትገኘው ወደ ኦዳ ተመለሰች። እኔም ከልጄ እንዳልርቅ ከድንበሩ ወዲህ ባለችው በኢትዮጵያ ሞያሌ ተዛውሬ ሥራ ጀመርሁ።

መጀመሪያ ልጁ የሚመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። አምና ግን እናቱ ለንግድ ወደ መርሳቢት መመላለስ ስለ ጀመረች፣ በሳምንት አራት ቀን እኔ ዘንድ ያድር ጀመር። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ የምሰጠውን ብር በግማሽ ቀነስሁ።

በሁለተኛው ወር እናቱ ደብተር ይዛ መጣች። «ልጁ ባያድርበትም የቤቱ ኪራይ አይቀርም፤ የትምህርት ቤቱም ክፍያ በቀን አይቆረጥም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በዚያው ብር የሚገኘው ሽልንግ አንሷል። አንተ ደግሞ ከዚያው ላይ ቀነስህ» አለችኝ። ልጁ ጣቱ ከጫማው ወጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። የምመልሰው አጣሁ።

ያን ሌሊት የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን አነበብሁ። ለካ ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ ሳይሆን መኖሪያ፣ ልብስ፣ ጤናና ትምህርት ጭምር ኖሯል። መጠኑም የሚለካው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ሲሆን፣ ሁኔታው ሲለወጥ ፍርድ ቤት በጥያቄ ሊያሻሽለው ይችላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥትም ኃላፊነቱን በአባትና በእናት ላይ በእኩል ይጥላል። እንግዲህ መጠየቅ መብቴ ነበር፤ በገዛ እጄ መቀነስ ግን መብቴ አልነበረም።

በአንድ ሽማግሌ ፊት ተቀምጠን ሒሳቡን ለየነው። ምግቡ በቀኑ ልክ ተቀነሰ፤ ኪራዩ፣ ትምህርቱና ልብሱ እንደ ነበረ ጸና። የሁለቱን ወር ጎዶሎ ከፈልሁ፤ ስምምነታችንንም ጽፈን ፍርድ ቤቱ እንዲያጸድቀው አቀረብን።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ልጁ እናንተ ዘንድ የሚያድርበት ቀን ቢለወጥ፣ አስቀድማችሁ ጫማውን እዩ፤ ሒሳቡን ከዚያ በኋላ ታደርሱበታላችሁ።