አንድ ቀን በአዲስ አበባ

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው መጀመሪያ በመኪና ባህር ዳር ይገባል። ከባህር ዳር አውሮፕላን ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይወርዳል። እዚያ ሌላ አውሮፕላን ይጠብቃል። ጥበቃው አንዳንዴ አጭር ነው፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይሆናል።

የእኛ ቀኑን ሙሉ ነበር። ጠዋት በ3 ሰዓት ቦሌ ወረድን። አንድ የቡሬ ገበሬ አብረውን ነበሩ። ማንበብ ከጀመሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ቲኬታቸውን አውጥተው፣ «20፡10 ይላል። እንዲህ ያለ ሰዓት ደግሞ አለ እንዴ?» አሉን።

አለ። የአውሮፕላን ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ተነስቶ እስከ 24 ይቆጠራል። እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከ7 እስከ 18 ከሆነ 6 እንቀንሳለን። ከ18 በላይ ከሆነ 18 እንቀንሳለን። 20፡10 ማለት ከምሽቱ 2፡10 ነው። ቲኬቱ 8፡00 ሲል ከቀኑ በ8 ሰዓት የመጣ ሰው፣ አውሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት አልፎታል! ቀኑም የፈረንጅ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሻንጣችን እስከ ድሬዳዋ ተጽፎለት ስለነበር እጃችን ባዶ ነው። በታክሲ አራት ኪሎ ወረድን፤ ከዚያ በእግር ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወጣን። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ናት። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ገበሬው ዝም ብለው አዩዋት።

ፒያሳ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት አየን። ጣልያን ነቅሎት ነበር፤ ኋላ ተመልሶ ቆመ። አጠገቡ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ መታሰቢያ አለ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ዓድዋ ዘምተዋል።

መርካቶ ግን ቀናችንን ወሰደው። ሰፈሩ በዕቃው ይጠራል፤ ሚስማር ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ እህል በረንዳ እያለ ይቀጥላል። በርበሬ የሚሸጥበት ስንደርስ ገበሬው ቆሙ።

«አባባ፣ ስንት ኪሎ ልመዝን?» አለ ነጋዴው።

«አልገዛም። ከየት የመጣ ነው?»

«ይሄ የማረቆ፣ ያ የጎጃም።»

«ጎጃም የት?»

«ጎጃም ነዋ! ጎጃም ጎጃም ነው።»

ገበሬው ዛላውን ሰበር አድርገው አሸተቱት። «ይሄ የእኛ አገር ነው» አሉን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውስጡን እዩት፣ ጠቁሯል። ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው የታጨቀው።» ከጎኑ ሌላ ጆንያ ነበር፤ እሱም የጎጃም ነው፣ ግን ቀይና ደረቅ። የሁለቱን ዋጋ ጠየቁ። ልዩነቱ ትንሽ አልነበረም።

10 ሰዓት ሆነ። ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ ማታ ስለሚጨናነቅ ቸኩለናል። እሳቸው ግን ጆንያው አጠገብ ቁጭ ብለው ሁለቱን ዋጋ በእርሳስ ይጽፉ ነበር።