ካሜራው ምንም አልሆነም

ከእጅ ያመለጠ ካሜራ መሬት እስኪደርስ ያለችው ጊዜ እጅግ አጭር ናት። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የወደቀ ዕቃ ከግማሽ ሰከንድ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ መሬት ይነካል፤ ሲነካም ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሰው ግን በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ያስባል፤ የዕቃውን ዋጋ፣ የባለቤቱን ፊት፣ የሚናገረውን ሰበብ። እኔ ያሰብሁት ሰበቡን ነበር። ካሜራው ድንጋዩን የመታበትን ድምፅ ከመስማቴ በፊት የምናገረውን ቃል አዘጋጅቼ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዕለቱ ጥር 11 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ቦታውም ጎንደር፣ የአፄ ፋሲል መዋኛ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ የፎቶ ቤት ረዳት ነበርሁ። ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው አሠሪዬ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረቻቸው። ግንብ የተሣለበት መጋረጃ፣ ሁለት ባለ እግር መብራት፣ ሦስት ወንበርና አንድ የግድግዳ መስታወት፤ ንብረቷ ይኸው ነበር። የቤቱ ጌጥ ግን በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ የሚያድረው ኒኮን ኤፍ ኤም 2 ነው፤ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ሻተሩ የማይቆም፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ። ጋሼ እጃቸውን ሳይታጠቡ አይነኩትም ነበር።

በዚያ ጥምቀት ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው፣ ውኃው ተባርኮ ጎረምሶች ወደ መዋኛው ሲዘሉ የሚታየውን ትርኢት እንዳነሣ እኔን ላኩኝ። ካሜራውን ሲሰጡኝ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ማንገቻውን አንገትህ ውስጥ አግባ።» እኔ ግን ከየአገሩ የመጡ ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን በአንድ ትከሻ ጣል አድርገው ሲሄዱ አይቼ ነበርና እንደ እነርሱ መሆን አማረኝ። የቅጥሩን ድንጋይ አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ተደግፌ ለመውጣት እጄን ስዘረጋ ማንገቻው ከትከሻዬ ተንሸራተተ። ካሜራው በሌንሱ በኩል ተደፍቶ አረፈ።

አነሣሁት። ከፊት ያለው ማጣሪያ መስታወት ተሰነጣጥቋል፤ ቀለበቱም በአንድ በኩል ገባ ብሏል። ማጣሪያውን ታግዬ ፈታሁት። ከሥሩ ያለው የሌንሱ መስታወት አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ሻተሩን ሞከርሁት፤ ይሠራል። የቀረውን ፊልም አንሥቼ ጨረስሁና ማታ ለጋሼ፣ «በግፊያው ማጣሪያው ተሰነጠቀ» አልኋቸው። ግፊያ መኖሩ እውነት ነበር፤ ማጣሪያው መሰንጠቁም እውነት ነበር።

«ማጣሪያ የተሠራው ለዚህ አይደል?» አሉኝ። «ካሜራው ምንም አልሆነም?»

«ምንም አልሆነም ጋሼ።»

ፊልሙ ሲታጠብ ከመውደቁ በኋላ የተነሡት ሥዕሎች ጥርት ብለው ወጡ። እግዚአብሔርን አመሰገንሁና ነገሩን ዘጋሁት።

ፎቶ አንሺዎች ስንገናኝ ስለማይሞቱ ካሜራዎች ማውራት እንወዳለን። እንግሊዛዊው ዶን ማኩሊን ካምቦዲያ ውስጥ ሲዘግብ ኒኮን ኤፍ ካሜራው ጥይት እንዳስቆመለት የማያውቅ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ማይክል ኮሊንስ ከጀሚኒ 10 መንኮራኩር ወጥቶ በጠፈር ሲንሳፈፍ ሃሰልብላድ ካሜራው አምልጦት ሄዷል፤ እኔ የማውቀው፣ ከእጅ አምልጦ የሚያርፍበት መሬት ያጣ ካሜራ ይህ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ታሪኮች ጥፋቴን ለማቅለል ጥሩ ትራስ ሆነውኝ ኖረዋል። ነገር ግን አንድ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የኮረምን ረኃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው መሐመድ አሚን፣ በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ክንዱን አጥቷል፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም በዚያው ሞቷል። ይህን ታሪክ ሳወራ «ካሜራውስ ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ዕቃው ጥንካሬ ጥቂት ልንገርህ። ካሜራን የሚጎዳው የወደቀበት ከፍታ ብቻ አይደለም፤ የሚቆምበት ርቀትም ነው። ለስላሳ አፈር ጥቂት ጎድጎድ ብሎ ይቀበለዋል፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ግን አይበገሩም፤ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ዕቃው ይመለሳል። ብረት ሲመታ ጎድጉዶ ይቀራል። ፕላስቲክ ጥቂት ተለጥጦ ይመለሳል፤ ካልቻለ ይሰበራል። ሌንስ ደግሞ አንድ መስታወት አይደለም፤ በአንድ መስመር ልክ ለልክ የተደረደሩ የብዙ መስታወቶች ማኅበር ነው። ከመካከላቸው አንዱ በፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ ቢያዘነብል ከውጭ የሚታይ ምልክት ላይኖር ይችላል፤ የሥዕሉ አንድ ጎን ግን ይደበዝዛል። ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ ነው፤ የብርሃኑ መግቢያ ቀዳዳ ሲጠብ ጉድለቱ ይሸፈናል። በጥር ፀሐይ ቀዳዳውን በጣም አጥብበን ስለምናነሣ ሁሉ ነገር ጥርት ይላል። በጨለማ ክፍል፣ ቀዳዳው ወለል ብሎ ሲከፈት ግን የተደበቀው ይገለጣል።

የእኛ ፎቶ ቤት ደግሞ ጨለማ ነበረች። ጋሼ ፍላሽ አይወዱም፤ «ፊትን እንደ ኖራ ያነጣል» ይላሉ። ስለዚህ በሁለቱ መብራቶች ብቻ፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ያነሡ ነበር። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ዓቢይ ጾም ሳይገባ ሙሽሮች ወላጆቻቸውን ይዘው ወደ ፎቶ ቤቷ ይመጣሉ። መካከል ላይ ሙሽሮቹ፣ በስተቀኝ የሙሽራው ወላጆች፣ በስተግራ የሙሽሪት እናት ወይም አባት ይቆማሉ።

የመጀመሪያዋ ሙሽሪት ፎቶዋን ይዛ ተመለሰች። ጣቷን በግራው ዳር ላይ አሳርፋ፣ «ጋሼ፣ እናቴን ምነው ደበቋት?» አለቻቸው። የእናትየው ፊት በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ የጠረጠሩት ፊልም አጣቢውን ነው። ቀጥሎ ራሳቸውን ጠረጠሩ። የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ ሐኪም ስለ ዓይናቸው ካስጠነቀቃቸው ቆይቷል። ሰዎቹን በአንድ መስመር ማቆም አለማቆሜን መለየት ተስኖኝ ይሆናል፣ በዳር ያለው ሰው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ዓይኔ አላየው ይሆናል ብለው አሰቡ። በሚቀጥለው ፎቶ ወለሉ ላይ በኖራ መስመር አሰመሩ። ግራው ደበዘዘ። መነጽር ገዙ። ግራው ደበዘዘ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲመለስ ሰዎችን ከማንሣታቸው በፊት ለረጅም ጊዜ በካሜራው ውስጥ እያዩ ይቆዩ ጀመር፤ ደንበኞችም ይሰለቹ ነበር። እኔ ከመብራቱ ሥር ቆሜ አያቸዋለሁ። አውቅ ነበርን? ከመጀመሪያይቱ ሙሽሪት ቀን ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ። ጥርጣሬዬን ወደ እርግጠኝነት እንዳይለወጥ አድርጌ መያዝ ግን ችዬበት ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ ካሜራውን ከነማኅደሩ ሰጡኝ። «የእኔ ዓይን ከዚህ በላይ አይሄድም። ያንተ ገና ልጅ ነው፤ ከእንግዲህ አንተ አንሣ» አሉኝ። ስመኘው የኖርሁት ነገር ነበር። ቃሉን ስሰማ ልቤ ዘለለ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለመናገር ያሳፍረኛል። የመጀመሪያውን ፊልሜን አጥበው ሲያመጡልኝ፣ በልጅ ዓይኔ ባነሣሁት ሥዕል ላይ፣ ግራው ደብዝዞ ነበር።

በዚያው ሳምንት እሳቸው በሌሉበት አንድ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጽ ግድግዳው ላይ በካስማ ወጥሬ ለጠፍሁ። ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ አነሣሁት። ከዚያ ካሜራውን ላዩን ታች ገልብጬ ደግሜ አነሣሁት። ግድግዳው ዘሞ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ሥዕል የሚደበዝዘው አንዱ የጋዜጣው ጎን ይሆን ነበር። አልሆነም። በመጀመሪያው የጋዜጣው ግራ አልነበብ አለ፤ በሁለተኛው ቀኙ። ጭጋጉ ካሜራውን ተከትሎ ሄዷል።

ሁለቱን ሥዕሎች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሁሉን ተናገርሁ፤ ትከሻዬን፣ የዛፉን ሥር፣ ድንጋዩን። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ሌንሱን ፈትተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው አዩት፤ ጆሯቸው አጠገብም ነቅነቅ አደረጉት። ብዙ ቆይተው፣

«መቼ ነው ያልኸው?» አሉ።

«በጥምቀት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት።

«ዕቃ ይወድቃል» አሉኝ። «እኔም ጥዬ አውቃለሁ። ግን አምስት ወር ሙሉ ማታ ማታ አንዱን ዓይኔን እየጨፈንሁ በሌላው ኩራዝ ሳይ ከርሜያለሁ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚጠፋ ለማወቅ። አንተ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደሩ ትለኛለህ።»

ከዚያ በላይ አልተናገሩም። አላባረሩኝም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝም። ሌንሱ አዲስ አበባ ሄዶ ተፈትቶ ተስተካከለ። ጠጋኙ የፊተኛው መስታወት መያዣ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ እንዳገኘው ጽፎ ላከ። ጋሼ ካሜራቸውን መልሰው ያዙ፤ መነጽሩንም ለጋዜጣ ማንበቢያ አደረጉት።

እኔን ግን ሌላ ሥራ ሰጡኝ። በእነዚያ ወራት የተነሡትን ቤተሰቦች እየፈለግሁ፣ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲነሡ እንድጠራ አዘዙኝ። ዘጠኝ ነበሩ። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ፤ አንዳንዶቹ ልብሱን መልሶ መልበስ ሰለቻቸው፤ ስድስቱ መጡ። የመጀመሪያይቱ ሙሽሪት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ግራው ዳር ቆመው፣ «ዛሬስ ታየሁ?» ሲሉ ጋሼ ጮክ ብለው ሳቁ። የአንደኛውን ቤተሰብ በር ግን ተዘግቶ አገኘሁት። ጎረቤት ወደ ሁመራ ሄደዋል አለኝ። ደጋግሜ ተመላለስሁ፤ ወሬያቸውን አላገኘሁም። የሆነ ቤት ግድግዳ ላይ፣ የአንድ አባት ፊት የደበዘዘበት የእኔ ጥፋት ዛሬም ተሰቅሎ ይሆናል። የልጅ ልጆቻቸው የድሮ ካሜራ እንዲህ ነበር ይሉ ይሆናል።

ጋሼ ካረፉ ቆይቷል። እኔም ዛሬ ረዳት አለኝ። የዛሬዎቹ ካሜራዎች በውስጣቸው ብዙ ኤሌክትሮኒክስ ተሸክመዋል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ ለማስተካከል ተብለው እንዲንቀሳቀሱ የተሠሩ መስታወቶች ያሏቸው ሌንሶችም አሉ። ስለዚህ ሲወድቁ የሚደብቁት ነገር ከቀድሞው አያንስም። ባለፈው ጥር ልጁ ከሠርግ ቤት ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ቦርሳውን አላወረደም። «ጋሼ፣ ደረጃ ላይ ጣልሁት» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

በመጀመሪያ አንተስ አልተጎዳህም ወይ አልሁት። ጉልበቱ ተልጦ ነበር፤ አጠብንለት። ከዚያ ካሜራውን ተቀበልሁት። ከውጭ ምንም አይታይበትም። «እኔ እንጃ፣ ምንም የሆነ አይመስለኝም» አለኝ።

«አብረን እናያለን» አልሁትና ጋዜጣ እንዲያመጣ ላክሁት። ግድግዳው ላይ ወጠርነው፤ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ አነሣ፤ ገልብጦም አነሣ። ሥዕሉን አጉልተን፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን፣ ከአራቱም ማዕዘን ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመርን። በቀኙ የታችኛው ጥግ ስንደርስ ልጁ ዝም አለ። ፊደሎቹ ሟምተው ነበር።

«ተበላሽቷል» አለኝ።

«አዎ» አልሁት። «ይጠገናል።»