ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ በእግር

ጌታ ቢፈቅድ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከቃሊቲ ተነሥተን እስከ ሐዋሳ በእግር እንሄዳለን። በየደረስንበት ማታ ማታ ከወጣቶች ኅብረት ጋር ግጥም እናቀርባለን። ሦስት ነን፤ ሁለት እህቶችና አንድ ወንድም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን ሃያ፣ ስንበረታ ሃያ አምስት እየሄድን፣ እሑዶቹን እያረፍን፣ 15 ቀን ይበቃናል ብለን ቆርጠናል።

ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ። በመኪና ለሚያልፍ ሰው እነዚህ ከተሞች በመስኮት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚገዛባቸው ናቸው። በእግር ሲታሰብ ግን ከሞጆ እስከ መቂ ብቻ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቆቃና ዓለም ጤና ላይ ማደር የግድ ነው። የፍጥነት መንገዱ እግረኛ ስለማያስገባ በአሮጌው መንገድ ነው የምንሄደው። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ስለማትማር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን 5 ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ፍለጋ ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ካርታውን አላየችውም። «ማን ቤት ነው የምታድሩት?» አለችኝ።

እውነተኛው ዕቅድ የተጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈችልን። ለየከተማው የወጣት መሪ ደወልን። ሁለታችን እህቶች ቤተሰብ ባለበት ቤት፣ ወንድማችን ደግሞ ጸሎት ቤቱ ውስጥ እንዲያድር ተስማማን። ሽማግሌዎቻችንም አንድ ቃል አስገብተውናል፦ የአካባቢው ሰው «በዚህ በእግር አትለፉ» ካለን ያለ ክርክር መኪና እንሳፈራለን። ወንድማችን ይህ ነገር የጉዞውን ክብር ይቀንሳል ይላል። እኔ አልመሰለኝም። የመንገዱን ሰላም የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው።

ግጥም ይዞ በእግር መሄድን እኛ አልጀመርነውም። ቬቸል ሊንዚ የሚባል አሜሪካዊ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1912 ከኢሊኖይ ተነሥቶ እስከ ኒው ሜክሲኮ ተጉዟል። «በዳቦ የሚለወጡ ግጥሞች» የሚል ትርጉም ያለው ትንሽ መጽሔት አሳትሞ ለሚያበሉትና ለሚያሳድሩት ይሰጥ ነበር። ሕግም ነበረው፤ ገንዘብ አይዝም፣ ባቡር አይሳፈርም፣ ከትልልቅ ከተሞች ይርቃል። በእኛ ሰዓት አምስት ከሩብ ሲሆን ምሳ ይጠይቃል፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ራትና ማደሪያ። ንጹሕ፣ እውነተኛና ጨዋ መሆንም ከሕጎቹ ውስጥ ነበሩ። ካንሳስ ሲደርስ ስንዴ አጨዳ ገብቶ ሠርቷል። ከሕጎቹ ሁሉ የወደድኩት ሰዓት መወሰኑን ነው። እንግዳ በምን ሰዓት እንደሚመጣ ካወቁ ባለቤቲቱ ሊጥ ያዘጋጃሉ፤ አለዚያ ሌሊት እሳት እንዲያነዱ ማድረግ ነው።

ያለ ገንዘብ መሄዱን ግን አልወሰድንም። ኑሮው በተወደደበት ዘመን ሦስት ሰው ራት መጋበዝ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ስኳርና ቡና ይዘን እንገባለን፤ በዝግጅቱ ላይም መባ አይሰበሰብልንም። ጌታ ሰባዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልካቸው የተቀበላቸው ቤት ውስጥ እንዲቆዩ፣ ከቤት ቤት እንዳይዘዋወሩ ማዘዙን ሉቃስ ጽፏል። እኛ ከእነርሱ ጋር አንነጻጸርም፤ ግጥም አንባቢዎች ነን። ትእዛዙን ግን ወስደነዋል፤ የተሻለ ቤት ቢገኝም መጀመሪያ እሺ ካለችን እናት ቤት አንወጣም።

የከበደኝ የግጥም ምርጫው ነው። በመንገዳችን ላይ ያሉ ብዙ ጉባኤዎች የሚያመልኩት በአፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛ ግጥም ብቻ ይዘን ብንሄድ በትሕትና ሰምተው ያጨበጭቡልናል፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። አብራን የምትሄደው እህት በአፋን ኦሮሞ የምትጽፍበት ደብተር አላት። የእኛ የግጥም ምሽት በአማርኛ ስለሆነ ደብተሩ እዚህ ተከፍቶ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ የአስቴር ጋኖን ታሪክ ነገሩን። ከባርነት ነፃ የወጣች ልጅ ነበረች። የኦሮሞን ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌዎች ሰበሰበች፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስም ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ደከመች። ጓደኛዬ አዳምጣ ዝም አለች። በማግስቱ ደብተሩን ይዛ መጣች።

እንግዲህ በየማታው የምትከፍተው እርሷ ናት። እኛ ሁለታችን ከሠላሳ ግጥሞቻችን ስምንቱን ብቻ አስቀርተናል፤ ሁሉም አጫጭር፣ ሁሉም በቃል የተያዙ፣ መብራት ቢጠፋም የሚባሉ። ስለ ፒያሳ የጻፍኩት ረጅሙ ግጥም ቤት ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ቲማቲም ሲለቅም የዋለ ወጣት ስለ ፒያሳ ትዝታዬ አሥር ደቂቃ ቁጭ ይበል ማለት አልቻልኩም።

የመቂና የባቱ ማደሪያ ተገኝቷል፤ ሻሸመኔም እሺ ብለውናል። የቀሩን ዓለም ጤናና ቡልቡላ ናቸው። እዚያ ዘመድ ወይም የምታውቁት ኅብረት ካላችሁ፣ ከገና በፊት ለወጣት ክፍላችን ንገሩን።