ወረታ፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት የተማርኩት ምሕንድስና

ፎገራ ውስጥ ያለው መንደሬ ቁሐር ሚካኤል የሩዝ አገር ነው። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ ቢሆንም፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ከአያት ከቅድመ አያት ሲዘራ የኖረ እህል ይመስለኝ ነበር። ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛ ሌላው እህል ይበሰብሳል፤ ሩዙ ግን ውኃው ውስጥ ቆሞ ያፈራል። ህዳር ሚካኤል ሲደርስ አጨዳው ይጧጧፋል፤ ከዚያ ተወቅቶ፣ ተሰጥቶ፣ በጋሪ ተጭኖ ወረታ ወደሚገኙት መፈልፈያ ቤቶች ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ወረፋ ስጠብቅ ያ የማሽን ድምፅ ልቤን ይወስደው ነበር። ምሕንድስና የመረጥኩትም በዚያ ምክንያት ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ተማሪው ወደ ምሕንድስና በሚጎርፍበት ዘመን ነው። በ1998 ዓ.ም. ከጀርመን መንግሥት ጋር በመተባበር የምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ። የምሕንድስናው ትምህርት 5 ዓመት ሆነ፤ አንድ ሴሚስተርም ለኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ለሥራ ላይ ልምምድ፣ ተመደበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ባህር ዳር ላይ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክም የተመሠረተው በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ለማፍራት ነው።

እኛ በገባንበት ጊዜ ግን የተማሪው ቁጥርና መሣሪያው አልተመጣጠኑም። ወርክሾፕ ስንገባ አንዱን ቶርኖ ለብዙ እንከበዋለን፤ ከፊት የቆመው ያያል፣ ከኋላ ያለው ሪፖርቱን ከጓደኛው ይገለብጣል። ኩሽኔታ የሚሸከመውን ጫና በቀመር አስልተን ጥሩ ውጤት እናመጣ ነበር፤ ያለቀ ኩሽኔታ ግን ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ያሰማን አልነበረም።

አራተኛ ዓመት ላይ የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ ተሰጠን። ትልልቅ መሥሪያ ቤት ከገቡት ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ሥራ የሚሰጣቸው አጥተው ቢሮ ጥግ ተቀምጠው ከረሙ፤ በመጨረሻም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው ተመለሱ። እኔን አንድ መምህራችን «አገርህ ያለውን ማሽን እይ» ብሎኝ ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ገባሁ።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ጠዋት ካቻቪቴ አንስተው ጫፉን ከኩሽኔታው ቤት፣ እጀታውን ከጆሯቸው አስደገፉ። ቆይተው «ና ስማ ልጄ» አሉኝ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ድምፁ ጥሬ ሲቆረጠም ይመስላል። ሞተሩን አጥፍተን፣ ቺንጋውን አውልቀን፣ ቡሎኑን ፈተን ስናወጣው ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ቀለበት ተቦርቡሯል። በቀመር የማውቀውን የድካም ስብራት በጣቴ ዳሰስኩት።

ሌላ ቀን የኛው አገር ሴት ሩዝ ጭነው መጡ። ጋሼ ጥቂት ፍሬ ከጆንያው ዘግነው አንዷን በጥርሳቸው ሰበሯትና «እቴ፣ ይኼስ ፀሐይ በዝቶበታል፤ ይደቅብሻል» አሉ። እንዳሉትም ሆነ፤ ከማሽኑ የወጣው ሩዝ አብዛኛው ስባሪ ነበር። ስባሪ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ የዓመት ልፋት እዚያች ማሽን ውስጥ ይቀልጣል። ሴትዮዋ ዝም ብለው ሲዘግኑት ሳይ ምክንያቱን ለማወቅ ቆረጥኩ።

ለመምህሬ ደወልኩለት። የትራንስፖርቱን ከኪሱ ከፍሎ፣ የእህል እርጥበት መለኪያ ይዞ መጣ። ሩዝ ለመፈልፈል የሚመከረው እርጥበት ወደ 14 በመቶ ነው፤ እኛ የለካነው ከዚያ በጣም የደረቀ ሆኖ ተገኘ። የጋሼ ጥርስና መለኪያው ተስማሙ። መምህሬ እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጦ አስረዳን፦ በጠራራ ፀሐይ በፍጥነት የደረቀ ፍሬ ሌሊት ጤዛ ሲያገኘው ውስጡ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም፤ ማሽኑ ቅርፊቱንና ቡናማውን ሽፋን ባንዴ አሽቶ ሲገፍ ግን ፍሬው ይከፈላል። የማሽኑን ጫና ማላላት ጥቂት ይረዳል እንጂ መድኃኒቱ ያለው ሩዙ የሚሰጣበት ቦታ ላይ ነው። እናቴ ቤት ሞከርነው፤ ሸራ ላይ አስጥተን፣ ቶሎ ቶሎ እያገላበጥን፣ ሌሊት እየሸፈንን። ሲፈለፈል ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነበር። ጋሼም ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ገበሬ ሁሉ ይህንኑ ይመክሩ ጀመር።

የትምህርት ጥራት ነገር ሲነሳ ይህ ገጠመኝ ትዝ ይለኛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው ተማሪው ያነበበውን ይመዝናል፤ ይህም አስፈላጊ ነው። የተሰበረ ማሽን ፊት ሲቆም ምን እንደሚያደርግ ግን ወረቀት አይነግረንም። የምሕንድስና ትምህርት ጥራት የሚሻሻለው ተማሪ፣ መምህርና ባለሙያ አንድ ማሽን አጠገብ ሲቆሙ ነው፤ እኔ ይህን ያየሁት ወረታ ነው። ዛሬም ባህር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ለወረታ ቅርብ ናቸው። የሩዝ ምርምር ማዕከሉ እዚያው ከተማ አለ፤ የርብ ግድብም ሩቅ አይደለም፤ ተማሪ የሚለማመድበት ቦታ አልጠፋም።

ስለዚህ የልምምድ ደብዳቤ የምትቀበሉ ድርጅቶች ሆይ፣ ከማኅተሙ በፊት ሥራ ስጡን ለሚሉት ልጆች መፍቻ አስይዟቸው። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪውን የሚከተል መምህር መድቡ፤ አበሉንም ከበጀት ያዙለት። ኢንተርንሺፕ የወጣህ ወጣት ሆይ፣ አንተን ደግሞ አደራ የምልህ አንድ ነገር ነው፦ የሠፈርህን ማሽን አትናቅ፤ እዚያ ያለው ባለሙያ ሲጠራህ ሄደህ ስማ።