የአሥር ቀን ቁርስ በአንድ እሁድ

በከተማ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰዓት አለ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት ነው። አንዱ ልጅ ይለብሳል፣ የሌላው ጫማ ይጠፋል፣ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ በር ላይ ጥሩምባ ያሰማል፣ ምጣዱ ግን ገና አልጋለም። በዚህ ሩጫ መሐል ብዙ ጊዜ የሚቀረው ቁርስ ነው። ውድ አንባቢያን፣ በቤታችን ይህን ሰዓት እንዴት እንዳቀለልነው በዚህ ወር ልናካፍላችሁ ወደድን።

እኛ አዲስ አበባ የምንኖር ስድስት ቤተሰብ ነን። እናት በጤና ጣቢያ ነርስ ስትሆን በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ ናት። አባት መርካቶ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ የአባት እናትም አብረውን ይኖራሉ። እናት በተረኝነት ባደረችባቸው ማለዳዎች ልጆቹ ሻይና ብስኩት ቀማምሰው ይወጡ ነበር። ሁለተኛው ልጅ ገና አራት ሰዓት ሳይሆን እንደሚርበውና እንደሚያንቀላፋ ከአስተማሪው ሰማን። ሌሊቱን ቆማ ያደረችው እናትም ስትመለስ የሚጠብቃት ባዶ ድስት ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የልጆች ሆድ ብቻ ሳይሆን የአንዲት ሴት ጉልበትም ነበር። ተቀምጠን ተመካከርንና በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ እሁድን ለቁርስ ሥራ ለመስጠት ወሰንን።

ስንቅ ነው

መጀመሪያ ላይ አያት አልተስማሙም። «ያደረ ምግብ ለልጅ ይሰጣል እንዴ?» አሉ። እኛም ያሳደጉንን ምግብ አስታወስናቸው። ድርቆሹ እንጀራ ተቆራርጦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ለፍርፍር የሚቀመጥ አልነበረምን? በሶው ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ ጩኮው በቅቤ ተለውሶ፣ ቋንጣው በገመድ ላይ ተሰጥቶ የሚቆየው ለችኩል ቀን አይደለምን? እናቶቻችን እርጥበቱን በማውጣት ምግቡን ያቆዩ ነበር፤ እኛ ደግሞ በቅዝቃዜ እናቆየዋለን። አያት ጥቂት አሰቡና «እንግዲያማ ስንቅ ነው በሉኝ» አሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያ እሁድ በቤታችን «የስንቅ ቀን» ይባላል።

ምን ምን እናዘጋጃለን?

የመጀመሪያው ፉል ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ኪሎ ተኩል ደረቅ ባቄላ ዘፍዝፈን እናሳድራለን። እሁድ ውሃውን ደፍተን በአዲስ ውሃ እስኪለሰልስ እንቀቅለዋለን። ባቄላው ሲበስል ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን ለአራት ማለዳ ይበቃናል። ከፊሉን ፈጭተን ከፊሉን እንዳለ እንተወዋለን። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ዘይት ግን የሚገባው በሚበላበት ማለዳ ነው፤ ጥሬ አትክልት ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ እያወጣ ይልፈሰፈሳልና።

ሁለተኛው ቁሌት ነው። ሽንኩርቱን በዘይትና በበርበሬ በደንብ አቁላልተን በሦስት እቃ እንከፍለዋለን። ማለዳ አንዱን አሙቀን እንጀራ ስንፈረፍርበት ሻዩ እስኪፈላ ፍርፍሩ ይደርሳል።

ሦስተኛው ለጨጨብሳ የሚሆን ቂጣ ነው። ቂጣውን ጋግረን፣ አቀዝቅዘንና ቆራርሰን በሦስት ፌስታል እናስቀምጣለን። ቅቤና በርበሬ የሚነካው ሲሞቅ ብቻ ነው። አራትና ሦስት ሦስት ሲደመር አሥር ይሆናል፤ የሁለት ሳምንት የትምህርት ቀን ማለት ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የምስር ሳምቡሳ እንጠቀልላለን። ምስሩ ሳይፈርስ በስሎ፣ ውሃው ተጠንፍፎና ፈጽሞ ቀዝቅዞ መጠቅለል አለበት፤ ሙቅ ከሆነ ሊጡን ያረጥበዋል። ሳምቡሳውን ሳንጠብሰው በትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድረን ፍሪዘር እናስገባለን፤ ከጠነከረ በኋላ በአንድ ፌስታል እንሰበስበዋለን። እንዲህ ከተደረገ እርስ በርሱ አይጣበቅም። ሲፈለግ በረዶውን ሳናቀልጥ በመካከለኛ እሳት መጥበስ ነው።

ሁሉም ምግብ ግን ለፍሪዘር አይሆንም። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ ድንችም ጣዕሙን ያጣል። ገንፎ ደግሞ ትኩስ ሆኖ፣ ቅቤው መሐል ገብቶ ሲበላ ነው ገንፎ የሚባለው።

ጥንቃቄው

ቅዝቃዜ ጀርሞችን አይገድልም፤ እንዳይራቡ ያቆማቸዋል እንጂ። በረዶው ሲቀልጥ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በመሆኑም የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ እንዲቆይ አንፈቅድም። ትልቁን ድስት ቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠን እያማሰልን እናበርደዋለን፤ ከዚያም በዝቅተኛ እቃዎች እንከፍለዋለን። በአንድ ትልቅ እቃ የገባ ምግብ መሐሉ ለመቀዝቀዝ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስለሚሰፋ እቃውን እስከ አፉ አንሞላም። ጠርሙስ ሊሰነጠቅ ስለሚችል የምንጠቀመው ክዳን ያለው ፕላስቲክ ነው። በእያንዳንዱ ላይ የምግቡን ስምና ቀኑን ጽፈን እንለጥፋለን፤ ይህ የታላቋ ልጃችን ሥራ ነው።

የፍሪዘሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሊሆን ይገባዋል። ለነገ የሚያስፈልገውን ማታ ከፍሪዘሩ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል እናወርዳለን እንጂ ጠረጴዛ ላይ አናሳድርም። ማለዳም እስከ መሐሉ እንፋሎት እስኪያወጣ እናሞቀዋለን። አንዴ የሞቀውን መልሰን አናስገባም።

መብራት ሲጠፋስ? ትልቁ ትምህርት የፍሪዘሩን በር አለመክፈት ነው። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። የማቀዝቀዣው ክፍል ግን የሚቆየው አራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ክፍት ቦታ ሲኖር ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ትንሽ አጉድለን እንጨምራለን። በአንድ ስኒ ውሃ አቀዝቅዘን በበረዶው ላይ ሳንቲም እናስቀምጣለን። ከቤት ርቀን ስንመለስ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኘነው ምግቡ ቀልጦ እንደነበር ያስታውቃል። እንዲህ ያለውን ለልጅ ከመስጠት መጣሉ ይሻላል።

ሥራው የማን ነው?

ይህ ሁሉ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ከወደቀ ድካሙ ቀን ለወጠ እንጂ አልቀነሰም። በእኛ ቤት ሽንኩርት የሚከትፈው አባት ነው። አያት ቂጣውን ይጋግራሉ፤ ማንም እጃቸውን አይደርስበትም። እናት ቅመሙን ትመጥናለች። ትንሹ ልጅ ሳይቀር የሳምቡሳውን ጠርዝ በሊጥ ሙጫ ያጣብቃል። አንዳንዱ ሳምቡሳ ሲጠበስ ይፈታል፤ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ እየሳቅን እንበላዋለን። ከሰባት ሰዓት በኋላ ማጀቱ ተጠርጎ ሁላችንም ዙሁርን ሰግደን እናርፋለን።

ጥቅሙን በብዙ መልኩ አይተነዋል። በረመዷን ለሱሑር የሚነሣ ሰው እሳት ላይ ረጅም ጊዜ አይቆምም፤ ለዱዓና ለቁርኣን ጊዜ ይተርፈዋል። የሚጣል ምግብም ቀንሷል፤ የሚወጣው ለሚበላው ያህል ብቻ ነውና ከኢስራፍ ይጠብቃል። ጎረቤታችን በወለደች ሰሞን ደግሞ ከፍሪዘራችን ሁለት እቃ ፉልና አንድ ፌስታል ሳምቡሳ ወጥቶ ለአራሷ ልጆች ቁርስ ሆነ። እናት ያን ሌሊት ተረኛ ነበረች፤ ያሞቀውና ያደረሰው አባት ነው።

ይህን ለመጀመር ትልቅ ፍሪዘር አያስፈልግም። የማቀዝቀዣው ትንሿ የበረዶ ክፍል የሁለትና የሦስት ማለዳ ቁርስ ትይዛለች። በመጪው እሁድ በአንድ ኪሎ ባቄላ ጀምሩ፤ ሥራውንም ተካፈሉት። አላህ በማእዳችሁ ላይ በረካ ያድርግላችሁ።